«ቆሽቴ አርሯል» ላልሽኝ የጎንደር እናት

«ይድረስ ለእትዬ። የምጽፍልዎት ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለችኝ። በጥምቀት ሰሞን ውሃ አልጠግብ አለች፤ ሌሊት አልጋዋን ታረጥባለች፤ ቀሚሷ ሁሉ ሰፋት። ታይፎይድ ነው ተብሎ መድኃኒት ታዘዘላት፤ በአምስተኛው ቀን ራሷን ስታ ሆስፒታል ገባን። ስኳር ነው አሉን። ከዚያ ወዲህ በቀን ሁለት ጊዜ ኢንሱሊን እወጋታለሁ። በሰኔ ጠበል ወሰድኳት። ከጠበል ስንመለስ ስኳሯ ወረደ፤ ሐኪሙም መጠኑን ከግማሽ በታች ቀነሰላት። ጎረቤቱ ሁሉ ‹ድናለች፤ ምን ትጠብቂያለሽ፣ መርፌውን ተይላት› ይለኛል። ሁለት ምሽት ዘለልኩ፤ ምንም አልሆነችም። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ደግሞ ‹በሽታውን ከሥሩ የሚያቆም መድኃኒት ተገኝቷል፤ የሳንባ ነቀርሳ ክትባትም ያድነዋል› ይላል። ቤቴን ሸጬ ላሳክማት? የአራት ዓመት ወንድም አላት፤ እሱንስ ምን ላድርገው? ጡቴ ደርቆብኝ የላም ወተት ያጠጣኋት እኔ ነኝ፤ በእኔ ጥፋት ይሆን? ቆሽቴ አርሯል። ልጄ ደግሞ ‹እማ፣ መርፌው የሚያልቀው መቼ ነው?› ትለኛለች። መልስ አጣሁላት።»

እኅቴ፣ ሁሉንም ጥያቄሽን እመልሳለሁ። አንዱ ግን ለነገ የሚባል አይደለም፤ ስለዚህ እሱን አስቀድማለሁ። ዛሬ ማታ መርፌዋን ውጊያት። ሐኪሙ በጻፈልሽ መጠን፣ በሰዓቱ። ነገ ጠዋትም እንዲሁ። የቀረውን ከዚያ በኋላ ተረጋግተሽ ታነቢዋለሽ።

ሰው ኀዘን ሲጠናበት «ቆሽቴ አረረ» ይላል። አንቺም ያልሽው ይህንኑ ነው። የልጅሽ ሕመም ያለውም እዚያው ቦታ፣ ከጨጓራ ጀርባ በተጋደመው ቆሽት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1869 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ፓውል ላንገርሃንስ የተባለ ጀርመናዊ የሕክምና ተማሪ ቆሽትን በማይክሮስኮፕ ሲመረምር ከቀረው የተለዩ፣ ተሰብስበው የተቀመጡ ትንንሽ የሴል ክምችቶች አየ። ምን እንደሚሠሩ አላወቀም። ዛሬ የላንገርሃንስ ደሴቶች ይባላሉ። ስማቸው ለእኛ አገር ሰው አይከብድም፤ በጣና ላይ ተበትነው የሚታዩትን ደሴቶች አስቢያቸው። ኢንሱሊን የሚመረተው በእነዚህ ደሴቶች ላይ በሚኖሩ ቤታ በሚባሉ ሴሎች ነው። ኢንሱሊን ከሌለ የበላነው ምግብ ስኳር ሆኖ በደም ውስጥ ይንሳፈፋል እንጂ ወደ ሰውነት አይገባም። ልጅሽ እየበላች የከሳችው፣ እየጠጣች የጠማት ለዚህ ነው።

ደሴቶቹን ማን አጠፋቸው? እ.ኤ.አ. በ1965 ዊሊ ጌፕትስ የተባለ ቤልጂጋዊ ሐኪም በሽታው በጀመራቸው ሰሞን የሞቱ ልጆችን ቆሽት መርምሮ ደሴቶቹ በነጭ የደም ሴሎች ተወርረው አገኛቸው። ነጭ የደም ሴል ማለት ጀርም ሲገባብን የሚዋጋልን የሰውነታችን ወታደር ነው። በ1974 ደግሞ ለንደን ውስጥ በነበሩ ተመራማሪዎች፣ ጃን ፍራንኮ ቦታዞና ዴቦራ ዶኒያክ ባሉበት ቡድን፣ የእነዚህን ደሴቶች ሴሎች ዒላማ ያደረጉ ፀረ እንግዳ አካላት፣ ማለትም መከላከያችን ባዕድ ነው ባለው ነገር ላይ የሚያሰማራቸው መሣሪያዎች፣ በሕሙማን ደም ውስጥ ተገኙ። ነገሩ ግልጽ እየሆነ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በልጆች ላይ የሚታየው ይህ የስኳር ዓይነት፣ ሐኪሞች ዓይነት 1 የሚሉት፣ በአብዛኛው የሰውነት የራሱ መከላከያ የገዛ ወገኑን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲያጠፋ የሚመጣ ነው። ጥቃቱ የሚጀምረው ልጁ ውሃ ከመጠማቱ ከወራት፣ ብዙ ጊዜም ከዓመታት በፊት ነው። ምልክቱ ሲታይ አብዛኞቹ ቤታ ሴሎች ጠፍተዋል።

አብዛኞቹ አልኩ እንጂ ሁሉም አላልኩም። የሰኔው ነገር መልሱ እዚህ ላይ ነው።

ኢንሱሊን ከውጭ በመርፌ መግባት ሲጀምር፣ ከጥቃቱ የተረፉት ጥቂት ደሴቶች ሸክም ይቀልላቸዋል። ቀን ከሌት ብቻቸውን ሲለፉ የነበሩት ትንፋሽ ያገኛሉ፤ አገግመውም እንደገና ኢንሱሊን መሥራት ይጀምራሉ። ያን ጊዜ የደም ስኳር ይወርዳል፣ የመርፌው መጠን ይቀነሳል፣ ቤተሰብ እልል ይላል። ሐኪሞች የጫጉላ ጊዜ ይሉታል። ብዙ ጊዜ ሕክምናው በተጀመረ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ይመጣል፤ ለወራት ይቆያል፤ አንዳንዴም ዓመት ይሻገራል። ከዚያ ያልፋል፤ ምክንያቱም ጥቃቱ አልቆመም። ሐኪሙ መጠኑን የቀነሰላት ድናለች ብሎ አይደለም። ያንኑ መጠን ቢቀጥልባት ስኳሯ ከልክ በታች ወርዶ ሊጥላት ይችል ስለነበር ነው።

ሁለት ምሽት ዘልለሽ ምንም አልሆነችም ያልሽው እነዚያ የተረፉት ደሴቶች ስለሸፈኑላት ነው። ሦስተኛውን ምሽት ይችሉት እንደሆነ ማንም ዋስ አይሆንልሽም። አንድ ጉንፋን፣ አንድ የሆድ ሕመም ሲጨመርበት አቅማቸው ያልቃል፤ ኢንሱሊን ያጣ ሰውነት ስብ ማቃጠል ይጀምርና ደሙ በአሲድ ይመረዛል። ትውከት፣ የሆድ ቁርጠት፣ እየፈጠነና እየጠለቀ የሚሄድ አተነፋፈስ፣ ከአፍ የሚወጣ የበሰበሰ ፍራፍሬ የመሰለ ሽታ ካየሽባት ጎረቤት ሳታማክሪ ድንገተኛ ክፍል ይዘሻት ሂጂ። በጥምቀት ያየሽው ይህንኑ ነው፤ በአንድ ቀን ውስጥ ሊመለስ ይችላል። ለሐኪሙም ሁለቱን ምሽት ሳትደብቂ ንገሪው። አያፍርብሽም፤ የመለካችሁትን ቁጥር በትክክል ለመረዳት ግን ያስፈልገዋል።

ጠበሉን አልነካብሽም። እኔም ጠበል ጠጥቼ ያደግሁ ነኝ። ግን የንስሐ አባትሽን ጠይቂያቸው፤ መድኃኒት መወርወር የእምነት ምልክት ነው የሚል ቃል ከአፋቸው ይወጣል ብዬ አላምንም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉን ከመድኃኒቱ ጋር አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር። ልጅሽን ጠበል አድርሻት፤ ብልቃጡና መርፌውም አብረዋችሁ ይሂዱ።

ስለ ወተቱ። እኅቴ፣ ይህን ሸክም ዛሬውኑ አውርጂው። የላም ወተት በሽታውን ያመጣ እንደሆነ ሳይንቲስቶች ለብዙ ዓመታት ጠርጥረው ነበር፤ ስለዚህ ጭንቀትሽ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ለማጣራትም በ15 አገሮች በቤተሰባቸው ዓይነት 1 ያለባቸው 2,159 ሕፃናት ጥናት ውስጥ ገቡ። ጡት ሲቀነስባቸው ለግማሾቹ የላም ወተት ፕሮቲኑ እጅግ የተሰባበረ ልዩ ወተት፣ ለግማሾቹ የተለመደው የላም ወተት ዱቄት ተሰጠ። ልጆቹ ከአሥር ዓመት በላይ ክትትል ተደርጎላቸው ውጤቱ በ2018 ሲወጣ በሁለቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም። ከረሜላም አይደለም፤ የጎረቤት ዓይንም አይደለም። በዘር የሚወረሱ፣ በተለይ የሰውነትን መከላከያ የሚመሩ አንዳንድ ጂኖች ልጁን ለበሽታው ያጋልጡታል። ጂኑ ብቻውን ግን አይበቃም። አንድ ዓይነት መንትዮች ጂናቸው አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ሲታመም ሌላው ሳይታመም የሚቀርበት ጊዜ ይበዛል። ከውጭ የሚመጣ ነገር አለ ማለት ነው። ብዙ ጥርጣሬ ያረፈው በአንዳንድ የአንጀት ቫይረሶች ላይ ነው፤ ምርምሩ አሁንም ቀጥሏል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ በአንዲት እናት እጅ የነበረ፣ አንቺ ልታስቀሪው ትችይ የነበረ አንድም ነገር የለም።

አሁን ወደ ወንድምሽ መልእክት እንምጣ። ወንድምሽ አልዋሸሽም፤ የሰማውን ነው የነገረሽ። የሰማው ግን ከግማሽ በታቹን ነው።

ከሥሩ የሚያቆም ያለው ቴፕሊዙማብ የሚባለው መድኃኒት ይመስለኛል። ጥቃቱን የሚፈጽሙትን ነጭ የደም ሴሎች የሚያለዝብ ነው። በ2019 በወጣው ጥናት 76 ሰዎች ተካፍለው፣ መድኃኒቱን ያገኙት በሽታው በይፋ እስኪጀምራቸው ድረስ ካላገኙት ሁለት ዓመት ያህል ዘገየላቸው። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. አጸደቀው። ታላቅ ነገር ነው፤ የዚህን በሽታ አመጣጥ ማዘግየት እንደሚቻል ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት ነው። ነገር ግን ያኔ የጸደቀው በደማቸው ውስጥ ፀረ እንግዳ አካላቱ ተገኝተው፣ ስኳራቸውም መዛባት ጀምሮ፣ ምልክቱ ገና ላልታየባቸው ስምንት ዓመት ለሞላቸውና ከዚያ በላይ ለሆኑ ነው። ልጅሽ ያንን በር አልፋለች። በደም ሥር ለ14 ቀናት በተከታታይ የሚሰጥ ነው፤ ሲወጣ የተለጠፈበት ዋጋ ከ190 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። ቤትሽን ብትሸጪው ለእርሷ ባልተፈቀደ መድኃኒት የጎዳና ሰው ትሆናላችሁ። አትሽጪው።

የሳንባ ነቀርሳውን ክትባት በተመለከተ፣ ቦስተን ውስጥ ለረጅም ዓመታት ሲጠና የቆየ ሐሳብ ነው፤ በጥቂት አዋቂ ሕሙማን ላይ ክትባቱን ደጋግሞ በመስጠት የስኳር መጠናቸው ተሻሽሏል የሚል ውጤት ወጥቷል። የጥቂት ሰዎች ውጤት ሕክምና አይሆንም። ደግሞም የልጅሽን ላይኛውን ክንድ እዪው፤ ያቺ ትንሽ ክብ ጠባሳ ይህ ክትባት ሲወለዱ ለሕፃናት የሚሰጥበት አሻራ ናት። አስቀድማ የወሰደችው ነው። ስኳርን አድናለሁ ብሎ ክትባት የሚወጋ ሰው ቢመጣ በር አትክፈችለት።

ሌላም ተስፋ አለ፤ ደብቄሽ አላልፍም። በቤተ ሙከራ ከግንድ ሴል፣ ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊለወጥ ከሚችል ሴል፣ የተሠሩ ኢንሱሊን አምራች ሴሎች በበሽተኛ ሰውነት ውስጥ ተተክለው፣ በ2025 በታተመ ጥናት ሙሉ መጠኑን ከተቀበሉት 12 ሰዎች 10ሩ በዓመቱ ያለ ኢንሱሊን መርፌ ይኖሩ ነበር። ዓይኔ እንባ አቅርሯል ይህን ሳነብ። ሆኖም ሁሉም አዋቂዎች ናቸው፤ የተተከለውን ሴል የገዛ ሰውነታቸው እንዳያጠፋው መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ያለማቋረጥ መውሰድ አለባቸው፤ ይህ ደግሞ ለሌላ በሽታ ያጋልጣል። በ1980ዎቹ ሳይክሎስፖሪን በሚባል መድኃኒት ተመሳሳይ ነገር ተሞክሮ ነበር። አንዳንድ አዲስ ሕሙማን ለጊዜው ከመርፌ ቢላቀቁም መድኃኒቱ ኩላሊት ይጎዳ ነበር፤ ሲቆም ደግሞ በሽታው ይመለስ ነበር። ተመራማሪዎቹ የሚፈልጉት መላውን ሠራዊት ትጥቅ ሳያስፈቱ የሳተውን ጭፍራ ብቻ የሚያስቆም ነገር ነው። ይህ ጊዜ ይወስዳል።

ምርምሩ ያለው ባሕር ማዶ ብቻ አይምሰልሽ። በጎንደር እንደ ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙ ያሉ ሐኪሞች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በ2009 ባሳተሙት ጽሑፍ አንድ ትልቅ ጥያቄ አንሥተዋል። በእኛ ገጠር ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ወጣቶች አብዛኞቹ ድሆችና ከሲታዎች ናቸው፤ ታዲያ በሽታቸው በመጻሕፍት እንደተጻፈው ዓይነት 1 ነው ወይስ በልጅነት ከደረሰባቸው የምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ሌላ? በ2020 ደግሞ ከሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር 236 ሕሙማን ከ200 ጤነኞች ጋር ተነጻጽረው በደማቸውና በጂናቸው ሲጠኑ፣ መከላከያን የሚመሩት ጂኖች እዚህም ከበሽታው ጋር በጥብቅ የተቆራኙ ሆነው ተገኙ። ጥያቄው ግን አልተዘጋም። በካሜሩን፣ በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ የተሠራ በ2025 የወጣ ጥናት፣ ዓይነት 1 ከተባሉት ወጣቶች ሁለት ሦስተኛ በሚሆኑት ላይ ፀረ እንግዳ አካላቱን አላገኘም። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ዓይነት 5 ብሎ ተቀብሎታል። ይህን ሁሉ የምነግርሽ ግራ ላጋባሽ አይደለም። አንድ ቀን ሐኪም የልጅሽን ደም ለእንዲህ ያለ ምርመራ ቢጠይቅሽ አትፍሪ፤ የእኛ ልጆች ካልተጠኑ ነገ የሚመጣው መድኃኒት ለእኛ ልጆች ይስማማ አይስማማ የሚያውቅ አይኖርም። ራሷን ስታ ለገባች ልጅ ግን ውጤቱ ምንም ቢሆን የዛሬው መድኃኒት ኢንሱሊን ነው።

ትንሹን ልጅሽን በተመለከተ ብዙ አልልም። በአውሮፓና በአሜሪካ በተሠሩ ጥናቶች ዓይነት 1 ካለበት ልጅ ወንድሞችና እኅቶች ከመቶ አምስት ወይም ስድስት ያህሉ ይታመማሉ። ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆኑት አይታመሙም። በየቀኑ ጣቱን አትውጊው፤ ልጅነቱን አትውሰጅበት። ውሃ ማብዛት፣ ሽንት ማብዛት፣ መክሳትና ድካም ካየሽበት ግን በዚያው ቀን በእኅቱ መለኪያ ለኪው፤ ከፍ ካለ ታይፎይድ ነው የሚልሽን አትስሚ፣ ሆስፒታል ውሰጂው። በእኅቱ ላይ የደረሰው መዘግየት በእርሱ ላይ መደገም የለበትም።

ነርስ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ከደምቢያ በኩል ልጁን ይዞ በየወሩ የሚመጣ አንድ ገበሬ ነበር። ማንበብ አይችልም። ኢንሱሊኑን በትንሽ ማሰሮ ያስቀምጠዋል፤ ማሰሮው እርጥብ አሸዋ በያዘ ሌላ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ይቀመጣል፤ ማቀዝቀዣው ይኸው ነበር። ወገቡ ላይ ደግሞ ረጅም የጥጥ ክር ይታጠቃል። ለእያንዳንዱ መርፌ አንድ ቋጠሮ። ወር ሲሞላ ክሩን ፈትቶ ጠረጴዛዬ ላይ ያኖረውና ቋጠሮውን አብረን እንቆጥራለን። ስድሳ መሆን አለበት። አንድ ወር ሃምሳ ዘጠኝ ሆነና ሰውየው አለቀሰ፤ የጎደለው በአህያ መንገድ ላይ ብልቃጡ የተሰበረበት ምሽት ነበር። አንቺ ደብተር አለሽ። ሰዓቱን፣ መጠኑን፣ የለካሽውን ቁጥር ጻፊበት። ቤት ሸጠሽ ልታወጪው የነበረውን ጉጉት ለመለኪያ ወረቀቱና ለመርፌው አውጪው። መብራት ሲጠፋ የገበሬውን ማሰሮ አስታውሺ። ብልቃጡ በረዶ እንዳይሆን፣ ፀሐይ እንዳይመታው ብቻ ጠብቂው።

ልጅሽ የጠየቀችሽ ቀረ።

ስለ አንዲት ልጅ ንገሪያት። ኤልሳቤጥ ሂዩዝ ትባላለች፤ አሜሪካዊት ናት፤ በ1919 በ11 ዓመቷ ይህ በሽታ ያዛት። ያኔ ኢንሱሊን የሚባል ነገር አልነበረም። ያለው ሕክምና ምግብ መከልከል ብቻ ነበር፤ በየቀኑ በሚዛን የተለካ ጥቂት ነገር እየበላች ሦስት ዓመት ያህል ቆየች። በነሐሴ 1922 ካናዳ ቶሮንቶ ስትደርስ 15 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀን ቀርቷት ክብደቷ 20 ኪሎ ግራም ያህል ነበር። ከዓመት በፊት እዚያው ከተማ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ኢንሱሊንን አግኝተው ነበር፤ ባንቲንግ ራሱ ወጋት። ኤልሳቤጥ አደገች፣ ዩኒቨርሲቲ ጨረሰች፣ አገባች፣ ሦስት ልጆች ወለደች፣ በ73 ዓመቷ በ1981 ዐረፈች። እስከዚያ ቀን ድረስ መርፌዋን አላቋረጠችም።

ከዚያ እውነቱን ንገሪያት። «መቼ እንደሚያልቅ አላውቅም፤ እንዲያልቅ ግን ብዙ ሰዎች እየሠሩ ነው፤ እኛ ደግሞ እነሱ እስኪደርሱ አንቺን እንጠብቃለን» በያት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ እውነት ትችላለች። የማትችለው ዛሬ አልቋል ተብሎ ነገ እንደገና ሲጀመርባት ነው። ዛሬ ማታ ደግሞ ሥራ ስጫት። ወተት የሚመስለውን ኢንሱሊን ብልቃጡን ሳትነቀንቅ በሁለት መዳፎቿ መሃል ቀስ አድርጋ ታንከባልለው፤ ሃያ ጊዜ፣ ራሷ እየቆጠረች። ከታች የተኛው ነጭ ነገር ተነሥቶ ሁሉም አንድ ዓይነት ሲሆን «እማ፣ ደርሷል» ትልሻለች። ያን ጊዜ መርፌውን አንሺ።